የአሜሪካ ትምህርት ቤት ክብ ማህተም ከየት ያመጣል?

የሜሪላንዷ እናት (ለክረምቱ አራት ኪሎ)
ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን በቶሎ እፈልጋለሁ። ክረምቱን እናቴ ቤት፣ አራት ኪሎ ነን። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ትገባለች። ናሽናል ሂስትሪ ዴይ ለሚባለው የአሜሪካ ተማሪዎች የታሪክ ጥናት ውድድር የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ መርጣለች። ማንም አልገፋፋትም፤ አያቷ ከእናታቸው የሰሙትን ሲነግሯት ነው ያደገችው።

ትናንት የድሮ ሰነድ ወዳለበት አንድ መሥሪያ ቤት ወሰድኳት። "ከትምህርት ቤቷ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ማህተም ያለው" አሉን። ትምህርት ቤቷ በክረምት ዝግ ነው። ክፍት ቢሆንስ ክብ ማህተም ከየት ያመጣል? የመምህሯን ኢሜይል ከስልኬ ባሳያቸው "ይሄ ደብዳቤ አይደለም" ብለው መለሱን። ልጅቷ ደብተሯን እንደታቀፈች አንድ ቃል ሳትናገር ቤት ደረስን።

ወንድሜ "ሰው አለኝ፣ አስገባታለሁ" ይላል። ግን በዚያው የልጆቹን የመስከረም ምዝገባና ዩኒፎርም እንድችል ይፈልጋል። እምቢ ካልኩ ደግሞ ኩርፊያ ነው። ምን ላድርግ?

የቨርጂኒያው አባት
እህቴ፣ አይዞሽ። ልጆቼ በዚህ ውድድር አልፈዋልና የማውቀውን ልንገርሽ። ውድድሩ በ1974 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ የተጀመረ ነው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ጁኒየር፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሲኒየር ይባላሉ። የዓመቱ መሪ ርእስ በየጊዜው ይለወጣል፤ የልጅሽ ታሪክ ከዚያ ጋር መያያዝ አለበት። ጽሑፍ፣ ኤግዚቢሽን፣ ዘጋቢ ፊልም፣ ትርዒት ወይም ድረ ገጽ ትመርጣለች። ጽሑፍ የግል ብቻ ነው፤ ሌላው በቡድንም ይሆናል። ፊልም ከመረጠች ከ10 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ከትምህርት ቤት ተነስቶ በስቴት በኩል ያለፈ ሰኔ ላይ ለመጨረሻው ውድድር ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ይገባል። ለእናንተ ሠፈር ነው።

ዳኞቹ አጥብቀው የሚያዩት ምንጩን ነው። በዘመኑ የተጻፈው ለብቻ፣ በኋላ የተጻፈው ለብቻ ይዘረዘራል። እያንዳንዱ ምን እንደጠቀማት በአጭሩ ትጽፋለች። የእናትሽን ቃል ቅረጹ፤ ግን የሰሙት እንጂ ያዩት ስላልሆነ የዓይን ምስክር ተብሎ አይመዘገብም። ይህን ራሷ ለይታ ብትጽፍ ያስመሰግናታል።

ደብዳቤው እስኪገኝ ደግሞ ያለ ደብዳቤ የሚታየውን ትይ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ሙዚየም ትኬት ለቆረጠ ክፍት ነው። ያ ሕንፃ የያኔው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚያው ግቢ ነው። ደረጃው ላይ ቆማ ሜዳውን ትመልከት። ሰው በየት በኩል ሊሸሽ ይችል እንደነበር፣ በሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በእግሯ ትለካው። ከዚያ ወጥታ አደባባዩ ላይ ሐውልቱን ትዙር፤ የነሐስ ቅርጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ ታንሳ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ቅድስት ሥላሴ ጎራ በሉ። እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት የተቀበረችው እዚያ ነው። ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የምትሟገት ጋዜጣ ታሳትም ነበር። የዘመኑ ምንጭ ማለት እሱ ነው፤ እንግሊዝኛ ስለሆነም ልጅሽ ራሷ ታነበዋለች።

የፒያሳ ልጅ (ሲያትል)
ወይኔ፣ ስድስት ኪሎ ስትሉ ሆዴ ባባ። ያደግኩበት ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ባለፈው መጥቼ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ለልጄ ማሳየት አቃተኝ። እህቴ፣ እናትሽ በሕይወት ሳሉ የሠፈሩን ሰው በሙሉ ጠይቂልኝ። ዳቦ ቤቱንም፣ ጠጅ ቤቱንም። ለውድድሩ ባይሆን ለእኛ ይሁን።

እህታችሁ ከቶሮንቶ
ወንድምሽን በተመለከተ፦ ምዝገባውን ከቻልሽ ክፈዪ፤ የወንድም ልጅ ልጅሽ ነው። ከደብዳቤው ጋር ግን አታያይዢው። አንዴ "ያስገባኋት እኔ ነኝ" ከተባለ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ስልክሽ አያርፍም። እኔ ቤት እንዲህ ነው የተጀመረው።

ጋሼ (ዴንቨር)
ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ልጅቷ 30,000 ሰማዕታት ብላ በትልቁ ትጻፍ። እንግሊዝኛው ላይ ቁጥሩን የሚያሳንሱ አሉ።

የቨርጂኒያው አባት
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምለው፤ ዝም ብላ ብትጽፈው ዳኛው "ከየት አገኘሽው?" ይላታል። 30,000 ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው ቁጥር ነው። ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ጭፍጨፋውን ብዙ ዓመት አጥንቶ ወደ 19,000 ገደማ ብሏል። የጣሊያኖቹ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሁሉንም ታስቀምጥ፤ ማን እንዳለው፣ ለምን እንደሚለያይ ትጻፍ።

ጋሼ (ዴንቨር)
ገዳዩ የቆጠረውን ከሟች ወገን ቆጠራ እኩል ታስቀምጣለህ? በሦስት ቀን ከተማ ሲቃጠል፣ ሰው ከነቤቱ ሲነድ መዝገብ የያዘ ማን ነበር? አባቴ የሁለት ወንድሞቹን ሬሳ እንኳ አላገኘም። እነሱ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ናቸው?

መምህርት (ከጀርመን ተመላሽ፣ አዲስ አበባ)
ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የጠየቁት ራሱ የጥናቱ ጥያቄ ነው፤ ልጅቷ እንዳለ ብትወስደው ደስ ይለኛል። እኔ እዚህ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀኑን ለማትሪክ ይሸመድዳሉ፤ ስንቱ እንደሞተ ማን ቆጠረ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። በየሳምንቱ በሐውልቱ ሥር ያልፋሉ እኮ! የሜሪላንዷ እናት፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ደብዳቤውን ቃል አልገባም፤ ርእሰ መምህሬን ግን እጠይቃለሁ። ልጅሽ ከተማሪዎቼ ጋር ሆና ስድስት ኪሎን ብታይ እኔም እፈልጋለሁ።

የሜሪላንዷ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህርት፣ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ። ጋሼ፣ ልጄ የአባትዎን ወንድሞች ስም መጠየቅ ትችላለች?

ጋሼ (ዴንቨር)
ስማቸውን እሰጣታለሁ፤ ትደውልልኝ፣ ማታ ማታ አለሁ። 19,000 የሚለውን ግን አልቀበልም።

የቨርጂኒያው አባት
አይቀበሉት ጋሼ። ያለመቀበልዎንም ትጻፈው፤ ምክንያትዎን ግን ይንገሯት።