የማዳበሪያ ቁጥጥር ሊመጣ ነው አሉ፣ አባዬ ቤት አንድ ኬሻ ዩሪያ ቀርቷል፣ ምን ይሻላል?

የጣና_ዳር_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች፣ እኔ ባህር ዳር ነኝ አባዬ ግን ደራ ነው፣ እዛው ጣና ዳር ሩዝ ያመርታል። የመሬት ደብተሩ ላይ ያለው 3 ጥማድ ነው፣ ከዛ ውጪ ውሃው ሲሸሽ የምትወጣ አንድ ጥማድ ባህር ሸሽ አለችው፣ አያቴም ሲያርሳት የነበረች ናት ግን ደብተር ላይ የለችም። ማዳበሪያ ሲመዘገብ የሚያርሰውን ተናገረና ለ4 ጥማድ 2 ኬሻ ዩሪያ በድጎማው ዋጋ ወሰደ፣ አንዱን ሩዙ ላይ በተነው፣ ሌላውን ህዳር ላይ ባህር ሸሿ ስትወጣ ለበቆሎ ብሎ አስቀምጦታል። ትናንት ደወለልኝ፣ ቡድን ተዋቅሮ ድጎማ የወሰደውን ሰው ቤትና ማሳ እየዞረ ሊያይ ነው አሉ። አሁን ነሐሴ ነው፣ ያቺ መሬት ውሃ ውስጥ ናት፣ ምኑን ያሳያቸዋል? ታናሽ ወንድሜ በሌሊት አክስታችን ቤት እንውሰደው ይላል። ምን ትላላችሁ?

ባለሙያ_ነበርኩ፦
ወንድሜ በእግዚአብሔር እንዳታንቀሳቅሱት!! እኔ 6 ዓመት ቀበሌ ላይ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ፣ በሌሊት አህያ ላይ የተጫነ ዩሪያ ኬላ ላይ ከተያዘ የአክስቴ ነው ብትል ማንም አይሰማህም። እቤት ቁጭ ያለ ግን ወንጀል አይደለም። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፣ ከማህበሩ የመጣው ስም ዝርዝር፣ የከፈለበት ደረሰኝ፣ ከዛ ማሳው። ደረሰኙ አለ? ደግሞ ሩዝ እኮ ዩሪያ የሚወስደው በሁለት ዙር ነው፣ ሲያቆጠቁጥ ሁለተኛው ይደረግለታል፣ ስለዚህ በነሐሴ አንድ ኬሻ ቤት መገኘቱ ምንም አያስገርምም። እውነት ለመናገር እስከ ህዳር ማቆየቱም ጥሩ አይደለም፣ ዩሪያ እርጥበት ይስባል፣ መሬት ላይ ካስቀመጠው ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ ቢያንስ እንጨት ላይ ያድርገው።

ፎገሬው፦
ገበሬው በላቡ ከፍሎ የገዛውን አንድ ኬሻ ጎተራ ስር ገብተው ይቆጥራሉ፣ ነጋዴው ጋ በመኪና ያለውንስ ማን ይቆጥራል? ድጎማ ማለት እኮ በነጻ ሰጡን ማለት አይደለም ዋጋው ቀነሰ እንጂ።

ሆላንድ_ያለሁ፦
እዚህም ቁጥጥር አለ፣ እንደውም የባሰ ነው። እኔ የወተት ላሞች ያሉበት እርሻ ላይ እሰራለሁ፣ ድጎማው እንደኛ የዋጋ ቅናሽ ሳይሆን በሄክታር ተሰልቶ አካውንት የሚገባ ብር ነው። ድሮ በየዓመቱ ከመቶ ቢያንስ 5ቱን እርሻ በአካል ያዩ ነበር፣ ጂፒኤስ ይዘው ዳር ዳሩን ይዞራሉ፣ ላሞቹ ጋ ደግሞ የጆሮዋ ቁጥር ወድቆባት የምትገኝ ካለች አለቀልህ። ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ ሳተላይት ነው ዋናው፣ ሴንቲኔል የሚባለው በየ5 ቀኑ በላይህ ያልፋል፣ ሣር ታጨደ አልታጨደ ከላይ ያውቃል። የአባትህን ባህር ሸሽ ቢያይ ግማሽ ዓመት ሐይቅ ግማሽ ዓመት እርሻ፣ ግራ ይገባው ነበር ሃሃ።

ዘጌ_ማዶ፦
እኔ ስለ ኬሻው አይደለም የምሰጋው። ሽማግሌው ስለ ባህር ሸሿ ብዙ ባያወሩ ይሻላል። ጣና በ2007 ዩኔስኮ ላይ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ዳሩ አይታረስ የሚል ንግግር በየስብሰባው አለ፣ ውሃ ዳር የተበተነ ዩሪያ ታጥቦ ሲገባ እምቦጩን ነው የሚቀልበው። ለማዳበሪያ የመጣ ሰው ማን ፈቀደልህ ብሎ ሌላ ፋይል ይከፍትልሃል።

ባለሙያ_ነበርኩ፦
@ዘጌ_ማዶ ልክ ነህ፣ ግን ከተጠየቁ አይዋሹ። 4 ጥማድ ብለው አስመዝግበዋል፣ ደብተሩ 3 ይላል፣ ይሄ ልዩነት ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ከመምጣታቸው በፊት የቀበሌውን ባለሙያ ጠርተው ያሳዩት።

የጣና_ዳር_ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ሐሙስ መጥተው ሄዱ። ሁለት ሰው ከቀበሌው ባለሙያ ጋር። ደረሰኙ መጀመሪያ ጠፍቶ ነበር፣ እማዬ ከዳዊቷ ውስጥ አወጣችው። አንደኛው ኬሻውን በዱላው ነካ ነካ አደረገና ስፌቱ እንዳልተፈታ አይቶ ሁለተኛ ዙር ብሎ ጻፈ። አራተኛዋ ጥማድ የታለች ሲለው አባዬ በእጁ ወደ ውሃው አሳየው፣ ታንኳ የቆመችበት ጋ፣ ሰውየው ሳቀ ግን እሱንም ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየንም። ኬሻውን ትናንት ከፍተው ሩዙ ላይ በተኑት፣ ለህዳር የሚሆን ግማሽ ብቻ አስቀርቷል፣ እንጨት ላይ።