ኮንሶሉ አልከፈት አለኝ፣ ሰርቨሩ ግን እየሠራ ነው! ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ቢሯችን ሁለት ማሽን ተጣምሮ እንደ አንድ የሚሠራ የስትራተስ ኤቨርረን ሲስተም አለ። የገጠሙት ባለሙያዎች ከሄዱ ቆዩ፣ እኔ በቅርቡ ነው የተረከብኩት። ኮንሶሉን፣ ማለትም ሲስተሙን የምቆጣጠርበትን ገጽ፣ ሁሌም የማየው እነሱ ብራውዘር ላይ ቡክማርክ አድርገው በተዉልኝ አድራሻ ነው። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ ቆየ። ዛሬ ጠዋት ብሞክር ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ መጨረሻ ላይ መገናኘት አልተቻለም ይላል። ፒንግም አይመልስም። በቃ ሰርቨሩ ሞተ ብዬ ወደ ሂሳብ ክፍል ስሮጥ ልጆቹ ቁጭ ብለው ደረሰኝ እየቆረጡ ነው! እንዴት ነው ነገሩ? ሁለቱንም ማሽን አጥፍቼ ላብራቸው?

ራክ_19፦ ወንድሜ፣ እንዳታጠፋ! ደረሰኝ እየተቆረጠ ከሆነ አንዱ ማሽን ሥራውን ይዞታል ማለት ነው፣ እሱን ካጠፋህ ግን ሂሳብ ክፍሉም አብሮ ይቆማል። ችግሩ አድራሻው ላይ ይመስለኛል። እዚህ ሲስተም ላይ ሦስት አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አለ፤ የኖድ ዜሮ፣ የኖድ አንድ እና የሲስተሙ የራሱ። ኖድ የሚባሉት ሁለቱ ማሽኖች ናቸው። መጀመሪያ ሲገጠም የሚገባው በኖድ ዜሮ አይፒ ስለሆነ ሰዎቹ እሱኑ ቡክማርክ አድርገውት ሄደው ይሆናል። ኖድ ዜሮ ሲወድቅ ያ አድራሻም አብሮ ይወድቃል። የሲስተሙ አይፒ ግን መሪነቱን የያዘውን ማሽን ተከትሎ ይሄዳል። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ፈልገውና በሱ ግባ። ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ሊያስጠነቅቅህ ይችላል፤ አይፒው የራስህ መሆኑን ቁጥር በቁጥር አይተህ እለፍ።

ጠያቂ፦ ገባሁ! እግዜር ይስጥልኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ኖድ ዜሮ ቀይ ነው፣ ኖድ አንድ ደህና ነው። ሰርቨር ክፍል ሄጄ አየሁት፣ ጭራሽ ጠፍቷል። ከኋላ ስዞር የኖድ ዜሮ ሁለቱም ፓወር ሰፕላይ አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል፣ ዲቫይደሩ ደግሞ ባትሪው የደከመው ዩፒኤስ ላይ። ላብራው?

የሌሊት_ፈረቃ፦ አብራው፣ ግን መጀመሪያ ገመዶቹን ለያይ። አንዱን ፓወር ሰፕላይ እዚያው፣ ሁለተኛውን ሌላ ዩፒኤስ ላይ ስካ። ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ውስጥም ገብተህ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ታዞ እንደሆነ እይ፣ ኖድ ዜሮ እስከ ጠዋት ጠፍቶ የቀረው በዚህ ሊሆን ይችላል። ከተነሳ በኋላ ደግሞ አደራ የምልህ ነገር አለ። ዲስኮቹ ማታ ያመለጣቸውን ሁሉ ከኖድ አንድ መቅዳት ይጀምራሉ፤ እንደ ዳታው ብዛት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ኮንሶሉ ላይ ማመሳሰሉ አለቀ እስኪልህ ድረስ ኖድ አንድን እንዳትነካ፣ ኬብሉንም ቢሆን። ያን ሰዓት ሙሉው ዳታ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ወደፊትም አንዱን ማሽን ለጥገና ማውረድ ስትፈልግ በጣት ተጭነህ አታጥፋው፣ ከኮንሶሉ ወደ ጥገና ሁኔታ አስገባው። በላዩ ያሉትን ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ሰርቨሮች) ለሌላው አስረክቦ ነው የሚወርደው።

ራክ_19፦ ልክ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ማሽኑ ማታ ወድቆ አንተ ያወቅከው ጠዋት መሆኑ ነው። ሁለተኛውም ሌሊት ቢወድቅስ? ኮንሶሉ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ይልካል፣ ዛሬውኑ አስተካክለው። የኢሜይል ሰርቨራችሁ እዚሁ ሲስተም ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን በሱ አታስልክ፣ የኢሜይል ሰርቨሩ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን ሲወድቅ መልእክቱም አብሮ ይቀራል። ኮረም ሰርቨር የሚባለው አድራሻም ተሞልቶ እንደሆነ እይልኝ። በሁለቱ ማሽኖች መሃል ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሌላው ሞቷል ብሎ ለብቻው እንዳይቀጥል የሚዳኘው ኮረም ሰርቨሩ ነው። ከሁለቱ ውጪ የሆነ ሦስተኛ ማሽን ላይ መሆን አለበት።

ጠያቂ፦ ኮረሙ ባዶ ነው፣ ማንም አልሞላውም! ሌላኛው ቅርንጫፍ ቢሮ ሁሌ የማይጠፋ ኮምፒውተር አለን፣ እዚያ እጭነዋለሁ። ኖድ ዜሮ ተነስቷል፣ ማመሳሰሉ 34 ከመቶ ላይ ነው። የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ኪሴ ከትቼዋለሁ፣ እስኪያልቅ ማንም አይገባም።