ሶፋው መሃሉ ሰመጠ፤ ሞላውን ማጠንከሪያ መላ ንገሩኝ (አስቸኳይ!)

የሳሎን ጣጣ
ሰላም ለሁላችሁ። ሶፋችን አሁን መሃሉ ላይ ዘጭ ብሏል። ወንድሜ ከነክብደቱ ወደቀበት፣ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ወዲህ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። ማታ ሰው ይመጣል። ሞላውን እንዴት ነው የማጠነክረው? ደግሞ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ እንዳይበጠስ አድርጌ ነው መሥራት የምፈልገው። ፒንሳ፣ መዶሻና ካቻቪቴ አለኝ። እባካችሁ ቶሎ በሉ።

ፒንሳ ብቻ
የምን ዓይነት ሞላ? እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ነው ወይስ ክብ ጥቅልሉ? ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም። ሶፋውን ገልብጪና ከሥር ያለውን ስስ ጨርቅ በአንድ በኩል ላጥ አድርገሽ እዪ። የስቴፕለሯን ሽቦ በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብለሽ ብታነሺያት ጨርቁን ሳትቀጂ መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ።

ሳቅ በሳቅ
መጀመሪያ ወንድምሽን ገልብጪው።

ቀላል መላ
ኮምፔርሳቶ (የተነባበረ የእንጨት ሰሌዳ) ቁረጪ፣ ከስፖንጁ ሥር አስገቢ፣ አለቀ ደቀቀ።

ስፖንጅ ነው
እኔ ሞላ ነው ብዬ አላምንም። አሥር ሰው "ሞላ ተበላሸብኝ" ቢል የብዙዎቹ ችግር ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን አውጥተሽ ወለል ላይ አስቀምጪውና ተቀመጪበት። ወለሉ ከተሰማሽ ስፖንጁ ሞቷል፤ ሞላ ብታጠነክሪ ምንም ለውጥ የለውም። ለመቀመጫ በሜትር ኪዩብ ከ30 እስከ 35 ኪሎ የሚመዝን ስፖንጅ ይሻላል፤ ከዚያ የቀለለው ቶሎ ይረግባል።

የሳሎን ጣጣ
አንተ ሰው፣ "ጧ!" አለ እያልኩህ ስፖንጅ ትለኛለህ? ስፖንጅ ይጮሃል እንዴ?

ለማንኛውም ገለበጥኩት። እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ። በመሃለኛው መቀመጫ አራት አሉ። አንዱ በፊት በኩል ወልቆ ተንጠልጥሏል። ሞላው ራሱ አልተሰበረም። ጫፉን ይዛው የነበረችው ቁራጭ ብረት ከነምስማሯ ወድቃ አገኘኋት። አንድ ሽቦም ሞላዎቹን በአግድም ያያይዝ ነበር መሰለኝ፣ በአንድ በኩል ተፈቷል።

ብየዳ ቤቱ
ችግር የለውም። ሞላውን አውጥተሽ ብየዳ ቤት ውሰጂ፣ ጫፉ ላይ ብረት በይደው ከፍሬሙ ጋር በብሎን ያስሩልሻል። ዕድሜ ልክ አይነቀልም።

የድሮ ወንበር ሠሪ
ብየዳ ቤቱ፣ ይህን ምክር ለማንም እንዳትደግመው። የሞላ ሽቦ ጉልበቱን ያገኘው ከብረቱ አሠራር ነው። ብየዳ ሲያግለው በዙሪያው ያለው ሽቦ ወይ ይለሰልሳል ወይ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከዚያ ሰው በተቀመጠ ቁጥር እየታጠፈ እየተዘረጋ ከብየዳው አጠገብ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞላ ደግሞ ስፖንጁንም ጨርቁንም ቀዶ ወደ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። ሞላውን ለማጠንከር ነው የጠየቅሽው። ሞላ ግን እቤት ውስጥ አይጠነክርም፤ ከፋብሪካ በወጣበት ጉልበት ነው የሚኖረው። ልታጠነክሪ የምትችዪው ያዢውን ነው። ይህ የተጠማዘዘ ሞላ ሲሠራ ተጠቅልሎ ነው፤ ዘርግተን ከፊትና ከኋላ ስንይዘው መሃሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ ይቀራል። ሰው ሲቀመጥበት ጉብታው ዝቅ ይልና ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ይጎትታል። ያ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው ጫፎቹን በያዙት ሁለት ክሊፖች፣ ማለትም ወድቃ እንዳገኘሻት ባሉት ቁራጭ ብረቶች፣ እና ክሊፖቹን በያዙት ምስማሮች ላይ ነው። ስለዚህ ሞላው ደህና ሆኖ ክሊፑ መንቀሉ አይገርምም፤ እንደውም የተለመደው እሱ ነው።

በአግድም ያየሽውን ሽቦ ደግሞ እንዳትንቂው። አንዱ ሞላ ብቻውን እንዳይሸከም ክብደቱን ለጎረቤቶቹ የሚያካፍለው እሱ ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የተፈታው እሱ ነው እላለሁ፤ ክሊፑ የተነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ክሊፑን ብቻ መልሰሽ ብትመቺና ሽቦውን ብትተዪው ያው ሞላ እንደገና ይወልቃል።

ሌላም አለ። ለአንድ ሰው መቀመጫ አራት ሞላ ትንሽ ነው። በሁለት ሞላዎች መካከል፣ ከመሃል እስከ መሃል ሲለካ፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። መቀመጫሽ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አምስተኛ ጨምሪበትና ሁሉንም እኩል አራርቀሽ ድልድዪ። ስትገዢ ውፍረቱን ተመልከቺ፤ ለመቀመጫ የሚሆነው 8 ወይም 9 ቁጥር ነው፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፣ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለጀርባ መደገፊያ የሚሸጠው ቀጭን ስለሆነ ለመቀመጫ አይሆንሽም። ርዝመቱን ደግሞ ካልተነካው ሞላ ላይ ጉብታውን ተከትለሽ ለኪ፤ በቀጥታ ከእንጨት እስከ እንጨት ከለካሽ ያጥርብሻል።

ሳቅ በሳቅ
ጋሼ፣ ማታ ሰው ይመጣል እኮ ያለችው!

የድሮ ወንበር ሠሪ
ሰው ይመጣል ተብሎ የተሠራ ሥራ ነው ሁልጊዜ ወደኔ ተመልሶ የሚመጣው።

ፒንሳ ብቻ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ አሁን ምን ታድርግ የሚለውን ልጨምር።

በአሮጌው ቀዳዳ ምስማር መልሰሽ አትምቺ፣ አይዝም። ክሊፑን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገሽ ያልተነካ እንጨት ላይ አድርጊው። በምስማር ፈንታ የእንጨት ብሎን ተጠቀሚ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ራሱ ሰፋ ያለ፤ ካልሆነ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ከሥሩ አድርጊ። ያን ጥቁሩን የጂፕሰም ብሎን አትጠቀሚ፤ ወደ ጎን ሲጎተት ራሱ ቆርጦ ይቀራል። ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያ አስቀድመሽ ብሺው፣ አለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

የክሊፑን አቀማመጥ ተጠንቀቂ። የታጠፈው ጀርባዋ ወደ መቀመጫው ውስጥ፣ የተከፈተው አፏ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። ሞላው ወደ ውስጥ ስለሚጎትት እጥፋቱ ላይ ማረፍ አለበት። ገልብጠሽ ከመታሽው በመጀመሪያው መቀመጥ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሞላውን ካስገባሽ በኋላ የላይኛውን ከንፈር ተጭነሽ በላዩ ምስማር ምቺ። እጥፋቱ ውስጥ ቁራጭ ቆዳ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ብታደርጊ ብረት በብረት እየተፋጨ አይጮህም።

ሞላውን ስትጎትቺ በፒንሳ ብቻ አትታገዪው። የመጨረሻው ጥምዝ ውስጥ ጠንካራ ገመድ አስገብተሽ ወንድምሽ ይጎትት፣ አንቺ ጫፉን አስገቢ። መነጽር አድርጊ። ካመለጠ ፊት ነው የሚመታው።

ቀላል መላ
ይህ ሁሉ ለምን? ኮምፔርሳቶ።

ስፖንጅ ነው
ኮምፔርሳቶ ሞላውን ሥራ ያስፈታዋል። ከዚያ ክብደቱ ሁሉ ስፖንጁ ላይ ይወድቅና በጥቂት ወር ውስጥ ብራና ይሆናል። ያኔ "ስፖንጅ ነው" ስል ትሰሙኛላችሁ።

ቀላል መላ
እኔ ቤት ስንት ዓመቱ፣ አንድም ሰው አላማረረም።

ሳቅ በሳቅ
ተመልሶ የመጣ ሰው አለ?

የሳሎን ጣጣ
ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ክሊፑ የሚቀመጠው በእንጨቱ የላይኛው ፊት ላይ ስለሆነ ከሥር መዶሻ አይደርስም። ሁለተኛ፣ በጣት ስነካው ምስማሩ የነበረበት ቦታ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የአንድ መዳፍ ያህል ይሄዳል። ሞላውን ስስበው ይከፈታል፣ ስለቀው ይዘጋል። ምን ላድርግ?

የድሮ ወንበር ሠሪ
በይ አቁሚ። ዛሬ እዚያ እንጨት ላይ ምንም አትምቺ፤ ስንጥቁን ትጨርሺዋለሽ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ሞላዎቹን ከዚያ እንጨት አላቅቂ፤ ስንጥቁ ጉተታ እያለበት አይገጥምም። የእንጨት ኮላ ስንጥቁ ውስጥ እስከ ጥልቁ አስገቢ፤ በቀጭን ካርቶን እየገፋሽ፣ ከፈት ዘጋ እያደረግሽ። ከዚያ በሞርሳ (በመቆንጠጫ) አጥብቀሽ ያዢውና እስከ ማግስቱ አትንኪው። ሲደርቅ በውስጥ በኩል፣ ከክሊፖቹ መስመር ዝቅ ብሎ፣ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) በኮላና በብሎን ለጥፊበት፤ ርዝመቱ ስንጥቁን በሁለቱም በኩል አልፎ ይሂድ። እግረ መንገድሽን የፍሬሙን ማዕዘኖች ነቅነቅ አድርጊ፤ የሚላወስ ካለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ቁረጪና በኮላና በብሎን እዚያው ጥግ ላይ እሰሪ። ፍሬሙ እየተላወሰ ሞላ ማሰር ትርፉ ድካም ነው።

መዶሻ አይደርስም ላልሽው፣ የፊት ለፊቱን ጨርቅ ከሥር ከተመታበት ፈተሽ ወደ ላይ ማጠፍ ነው። የስቴፕለሩን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፣ ስትመልሺው በዚያው ልክ ትወጥሪዋለሽ።

ሁሉም ሲያልቅ ሞላዎቹን በአግድም እሰሪያቸው፤ አንድ መስመር ሳይሆን ሁለት። ሽቦ ካጣሽ ጥሩ ሲባጎ ይሆናል። እያንዳንዱ ሞላ ላይ ቋጥሪ እንጂ ዝም ብለሽ አታሳልፊው፤ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም እንዳይፈታ። ሁለቱን ጫፎች በጎን ካለው እንጨት ጋር እሰሪ። የሚለጠጥ የናይለን ገመድ አይሆንም። ከላይ ደግሞ ወፍራም ጆንያ ወጥረሽ በዙሪያው ምቺ፣ ስፖንጁ በሞላዎቹ ክፍተት እየገባ እንዳይበላ።

የሳሎን ጣጣ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለዛሬ ማታስ?

ፒንሳ ብቻ
ለዛሬ ማታ… እየቀፈፈኝም ቢሆን ኮምፔርሳቶ።

ቀላል መላ
😂😂😂 ይመዝገብልኝ!

ፒንሳ ብቻ
ለአንድ ማታ ነው ያልኩት! 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ፈልጊ። ከፊት እንጨት እስከ ኋላ እንጨት ይድረስ፤ ሞላው ላይ ብቻ ተንሳፍፎ እንዳይቀር። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፣ ጨርቅ ይቆርጣል። የተንጠለጠለውን ሞላ ከጎረቤቱ ጋር በሲባጎ አስረሽ ከመንገድ አውጪው። በተሰነጠቀው በኩልም ከባድ ሰው አታስቀምጪ።

ሳቅ በሳቅ
ወንድሟ ወንበር ይፈለግለት።

ብየዳ ቤቱ
እኔ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። ሞላው ባይበየድስ፣ ፍሬሙ በብረት ቢሠራ እኮ ስንጥቅ የሚባል አይኖርም ነበር።

ፒንሳ ብቻ
እሱ እውነት ነው። ግን የተሰነጠቀ ሶፋ ለያዘች ሰው ሌላ ሶፋ ሥሪ ማለት ነው።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የኔም ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። የኔ ክብ ጥቅልል ሞላ ነው፣ አሮጌ ወንበር። ከሥር መስቀለኛ የተወጠረው የጆንያ ጥብጣብ ረግቦ ሞላዎቹ ወደ ታች ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹም ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሞላዎቹን ልቀይር?

ስፖንጅ ነው
ስፖንጁን አይተኸዋል?

የድሮ ወንበር ሠሪ
አዲስ ገቢ፣ ሞላዎቹን አትጣላቸው፤ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ካልተቆረጡና ካልዛጉ ያገለግላሉ። እያንዳንዱን ወለል ላይ አቁመህ በመዳፍ ተጫነው። ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ብቻ ቀይር።

ጥብጣቡን ግን ሙሉ በሙሉ አውጣና በአዲስ ተካ። ጫፉን በሦስት አራት ምስማር ምታ፣ ከዚያ እጠፈውና በእጥፋቱ ላይ ድገም። በሌላው በኩል በእጅ መሳብ አይበቃም፤ አጭር ጣውላ ጠቅልለህበት ፍሬሙ ላይ አስደግፈህ እንደ ማንሻ ተጫነውና እንደተወጠረ ምታ። ሲጨረስ በጣት ስትመታው መጮህ አለበት። የአግድሙን በቁመቱ መካከል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያልክ ሸምነው፣ ክፍተቱም ከሁለት ጣት አይብለጥ።

እያንዳንዱ ሞላ ጥብጣቦቹ በሚገናኙበት ላይ ይቁም፣ ከሥሩም በአራት ቦታ በሲባጎ ስፋው። ከዚያ ዋናው ሥራ፦ የላይኛውን ቀለበት በስምንት አቅጣጫ ታስረዋለህ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከጎን ወደ ጎን፣ ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለበት ላይ ስምንት ቋጠሮ ይኖራል። ስታስር ሞላውን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተጭነህ ነው፤ ነጻ ከተውከው በተቀመጥክ ቁጥር ሲባጎው ይላላል፣ በጣም ከተጫንከው ደግሞ ወንበሩ ድንጋይ ይሆናል። የዳር ሞላዎች ጥቂት ወደ ውጭ ቢያዘነብሉ ችግር የለውም፣ ሰው ሲቀመጥ ቀጥ ይላሉ። የመሃሎቹ ግን ቀጥ ብለው ይቁሙ።

ሲባጎውን ምስማር ላይ ስትጠመጥም ምስማሩን አስቀድመህ እስከ ግማሽ ብቻ ምታው፤ ሁሉንም አስረህ ቁመታቸው እኩል መሆኑን ካየህ በኋላ ታጠብቀዋለህ።