ክርክር፦ ኤን ቢ ኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋቹን ላሳደገው ክለብ ይክፈል ወይስ አይክፈል?

ሌሊት አስር (አዲስ አበባ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ሌሊት አስር ነኝ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

ጄምስ ሃርደን በ2018 የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ከተባለ ወዲህ፣ እስከ 2025 ድረስ ያንን ዋንጫ ያነሳ አሜሪካ የተወለደ ልጅ የለም። ግሪካዊው ያኒስ ሁለቴ፣ ሰርቢያዊው ዮኪች ሦስቴ፣ ካሜሩን የተወለደው ኤምቢድ አንዴ ወሰዱት። በ2025 ደግሞ ካናዳዊው ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር። ሰባት ዓመት ሙሉ! የ2023-24 ውድድር ሲከፈት ከ40 አገራትና ግዛቶች የመጡ 125 የውጭ ተጫዋቾች ነበሩ።

ይሄን ስናይ "ጨዋታው ዓለም አቀፍ ሆነ" ብለን እናጨበጭባለን። ጥሩ። ግን እነዚህን ልጆች ከሕፃንነታቸው ያሠለጠነ ሰው አለ። ጫማ የገዛ፣ ለአውቶቡስ የከፈለ ክለብ አለ። እሱስ ምን አገኘ?

እግር ኳስን እዩት። በፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በሠላሳ ዓመቱ ቢሸጥ እንኳ የሰፈሩ ክለብ ድርሻውን ያገኛል። ኤን ቢ ኤ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያኒስን ያገኙት አቴንስ ውስጥ ፊላትሊቲኮስ በሚባል የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ሲጫወት ነው። በ2013 ድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው) ሚልዋኪ በ15ኛነት መረጠው። ከዚያ በኋላ የፈረማቸው ውሎች በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠሩ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ለፊላትሊቲኮስ ይሰጥ የሚል ሕግ የለም።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መክፈል አለባቸው። በሉ ጀምሩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

አልስማማም። ኬቨን ዱራንት እኮ እዚሁ ጎረቤታችን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው ያደገው። ሲት ፕሌዛንት በሚገኘው የሰፈር ማዕከል ኳስ ያስተማሩት ሰዎችም በሕግ የሚደርሳቸው ሳንቲም የለም። አሜሪካዊው አሰልጣኝ ካልተከፈለው የግሪኩ ለምን ይከፈለዋል?

ሁለተኛ፣ እግር ኳሱን እዚህ ማምጣት አይሠራም። የፊፋ 5 በመቶ የሚቆረጠው ከዝውውር ዋጋ ነው። ኤን ቢ ኤ ውስጥ የዝውውር ዋጋ የሚባል ነገር የለም። ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋችና በድራፍት ተራ ነው። በየካቲት 2025 ዳላስ ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ተቀበለ። 5 በመቶው ከምን ይቆረጥ? የዴቪስን አንድ ጣት ሉካ ለተወለደባት ለሉብሊያና ትልክላቸዋለህ?

ዝምተኛው

የዴቪስን እግር ብቻ እንዳትልኩ፣ ሲደርስ ተጎድቶ ነው የሚገኘው 😂

የነታንያዋ (እስራኤል)

ሳቄን ልጨርስና ልመለስ።

እሺ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዝውውር ዋጋ ባይኖርም የውል ማፍረሻ አለ፤ እሱን ዘለልከው። ልጁ ከአውሮፓ ክለብ ጋር ውል ካለው፣ ወደ ኤን ቢ ኤ ለመሄድ ያንን ውል በገንዘብ ማፍረስ አለበት። እኛ ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው ዴኒ አቭዲያን ነው። በ2020 ዋሽንግተን በ9ኛነት ሲመርጠው የማካቢ ቴል አቪቭ ተጫዋች ነበር። ስለዚህ ማካቢ በገንዘብ ይደራደራል። ግን ዴኒ ገና ልጅ ሳለ ኳስ የጀመረው ብኔይ ሄርጽሊያ ነው። ትልቁ ክለብ በልጅነቱ ወሰደው፤ ውሉም ከትልቁ ጋር ነው። ሄርጽሊያን ማን ያስታውሳታል?

የሚገርመው ደግሞ ማፍረሻውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። የኤን ቢ ኤ ቡድን ሊጉ ለቡድኖች ከወሰነው የደመወዝ ጣሪያ ውጭ ማዋጣት የሚፈቀድለት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። ቀሪው በአብዛኛው ከልጁ ኪስ ይወጣል። ስፔናዊውን ሪኪ ሩቢዮን አስታውሱ። በ2009 ሚኒሶታ በ5ኛነት መረጠው። ከክለቡ ከጁቬንቱት ጋር የነበረው ውል ማፍረሻ ከአቅም በላይ ነበር። ባርሴሎና ከፍሎ ወሰደው፣ አሜሪካ የገባው በ2011 ነው። ሀብታሙ ሊግ እጁን አጣጥፎ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ዕዳ ሲቆጥር ያደረ ማለት ነው።

የድሮ ተጫዋች

ልጆቼ፣ እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሰው ላይ ድርሻ ያለው አካል ሰውየውን ማዘዝ ያምረዋል።

ሊትዌኒያዊውን አርቪዳስ ሳቦኒስን በቪዲዮ ካላያችሁት እዩት። በዚያ ቁመት እንደ እሱ ኳስ የሚያቀብል ሰው ዮኪች እስኪመጣ አልታየም። ፖርትላንድ በ1986 መረጠው። ሶቪየት ኅብረት አልለቀቀችውም። ፖርትላንድ የደረሰው በ1995፣ በ30 ዓመቱ፣ እግሩ ካለቀ በኋላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጉድ አሳየን። ያ ሰው በ22 ዓመቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር?

ቻይናዊው ዋንግ ዢዢስ? በ2001 ዳላስ ገባ፣ ከአገሩ የመጀመሪያው ነው። በ2002 ክረምት ለብሔራዊ ቡድን ተመለስ ሲሉት እምቢ አለ። ከብሔራዊ ቡድኑ ተባረረ። አገሩ የገባው በ2006 ነው። ያኦ ሚንግ ከዚህ ተምሮ፣ ሊመለስ ቃል ገብቶ ነው የሄደው። ቃሉንም ጠበቀ። ግን ክረምት ከበጋ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ተሰብሮ በ2011 በ30 ዓመቱ አቆመ። "ያሳደገው ይከፈለው" ስትሉ እኔ የሚታየኝ ልጁን በገመድ የያዘ ፌዴሬሽን ነው።

ሌሊት አስር

ጋሼ፣ የእርስዎን ፍርሃት እረዳለሁ። ግን ፊፋ ድርሻ የሚሰጠው ክለብ ተጫዋቹን ማዘዝ አይችልም። ቼኩን ይቀበላል፣ አለቀ። የቻይናና የሶቪየት ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ነበር።

የድሮ ተጫዋች

ሕጉ ላይ እንደዚያ ይጻፋል። ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የጋሼን ሐሳብ ላጠናክር። ያለውን ሥርዓት ተጠቅሞ የሚኖር ክለብ አለ እኮ። ሰርቢያ ውስጥ ሜጋ የሚባለውን እዩ። ዮኪች ከዚያ ነው የሄደው፤ በ2014 በ41ኛነት ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ ታኮ የሚባል ምግብ ማስታወቂያ ላይ ነበር። ሜጋ የተጫዋቾች ወኪል ከሆነው ከሚሽኮ ራዥናቶቪች ጋር የተሳሰረ ክለብ ነው። ዋንጫ ዋና ጉዳዩ አይደለም። ወጣት ሰብስቦ ደቂቃ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ለድራፍት ያቀርባል። በዚህ አምርቶ ይኖራል። ማንም ምጽዋት አልሰጠውም።

በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይመልሳሉ። ፈረንሳያዊው ቶኒ ፓርከር አስቬል የሚባለውን የሊዮን ክለብ ገዛ። ያኦ በ2009 ያሳደገውን የሻንጋይ ክለብ ገዛው። ሉዎል ዴንግ የደቡብ ሱዳንን ብሔራዊ ቡድን በራሱ ገንዘብ ነው የደገፈው።

የነታንያዋ

እሱ ልግስና ነው። ተጫዋቹ ደግ ካልሆነስ? ደግሞ ሜጋን እንደ ምሳሌ አታቅርብልኝ። ክለቡና ወኪሉ አንድ ሲሆኑ ልጁ የሚያማክረው ሰው ማን ነው? እኔ እናት ብሆን አልሰጥም።

ኮች (ሐዋሳ)

ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ። እናንተ ስለ ሰርቢያና ስፔን ነው የምታወሩት። እነሱ ቢያንስ ክለብ አላቸው። ወደ እኛ ሰፈር ልውሰዳችሁ።

ካማን ማሉዋችን ታውቁታላችሁ። ደቡብ ሱዳን፣ ሩምቤክ ተወልዶ ካምፓላ፣ ካዌምፔ ነው ያደገው። ኳስ የጀመረው አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ ሴኔጋል፣ ሳሊ የሚገኘው የኤን ቢ ኤ አካዳሚ ወሰደው። በ17 ዓመቱ ለደቡብ ሱዳን ፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፈ። አንድ ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በ2025 በ10ኛነት ተመርጦ ፊኒክስ ገባ። ድንቅ ነው። ግን ከአካዳሚው በፊት ቁመቱን አይቶ "ና ተጫወት" ያለው ሰው አለ። ያ ሰው የተመዘገበበት ቦታ የለም።

ደቡብ ሱዳን ከኦሊምፒኩ በፊት ለንደን ላይ በአሜሪካ 101 ለ 100 ብቻ ነው የተሸነፈችው። ሌብሮን መጨረሻ ላይ ባያገባ ጉድ ነበር። አገር ቤት ጣሪያ ያለው ሜዳ እንኳ ሳይኖራቸው! ፓሪስ ላይ ደግሞ ፖርቶ ሪኮን አሸነፉ። የዚያ ቡድን ልጆች ካይሮ፣ ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ ተበትነው ያደጉ ናቸው። 5 በመቶ ብትሉኝ ለማን ትሰጡታላችሁ?

እኔ የማሠለጥናቸው ልጆች ሲሚንቶ ላይ ነው የሚጫወቱት። ዝናብ ሲመጣ ልምምድ ይቀራል። ባለፈው ዓመት አንድ ረጅም ልጅ ነበረኝ፤ አንድ ሰውዬ መጥቶ "ውጭ ትምህርት አገኝለታለሁ" ብሎ ቤተሰቡን ገንዘብ አስከፈለ። ልጁ የትም አልሄደም፣ ሰውዬውም ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ክፍያ ይኑር ስትሉ መጀመሪያ መዝገብ ይኑር በሉ። ማን፣ የት፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ማንን አሠለጠነ። እግር ኳስ የተጫዋች ፓስፖርት የሚለው እሱን ነው። ያ ከሌለ ገንዘቡን የሚቀበለው ደላላው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ኮች፣ የሳሊው አካዳሚ ራሱ የኤን ቢ ኤ ገንዘብ ነው እኮ። የአፍሪካው ሊግም በ2021 የተጀመረው በእነሱና በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ነው። ክፍያ ማለት ይሄ አይደለም?

ኮች (ሐዋሳ)

አካዳሚው የሚወስደው ቁመቱ የታየን፣ ስሙ የተሰማን ልጅ ነው። ለራሳቸው ተጫዋች ማሳደጊያ ነው፤ አልቃወመውም። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለውን ግን ማንም አያየውም። ጉልበቱም ፍላጎቱም የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሌሊት አስር

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አሁን ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆች መጥተዋል። ከ2021 ጀምሮ ተማሪው በስሙና በምስሉ መነገድ ተፈቀደለት። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ራሱ መክፈል ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ውጤቱስ? ኢጎር ዴሚን ከሪያል ማድሪድ ተነስቶ ቢ ዋይ ዩ የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ካስፓራስ ያኩቾኒስ ከባርሴሎና ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም በ2025 ተመረጡ፣ 8ኛና 20ኛ። ልጁ አሥራ ስምንት እስኪሞላው የአውሮፓ ክለብ ያስተምረዋል፣ ከዚያ ኮሌጁ በአንድ ዓመት ይወስደዋል። ክለቦቹ እያማረሩ ነው፣ እውነት አላቸው። እንዲህ ከቀጠለ ታዳጊ ማሳደግ ማን ይፈልጋል? ዝግጁ አሜሪካዊ መቅጠር ይቀላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጁ ግን አተረፈ አይደል? በዩሮሊግ (በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ውድድር) የሚጫወት ክለብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፎጣ ከማወዛወዝ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይጫወታል፣ ይከፈለዋል፣ ይማራል። ሁላችሁም ስለ ክለብ ታለቅሳላችሁ። እኔ የቆምኩት ከልጁ ጎን ነው።

የነታንያዋ

እኔም ከልጁ ጎን ነኝ፤ ለዚህ ነው ክፍያው ከልጁ ኪስ አይውጣ የምለው። ከሊጉ ይውጣ። ከ2025-26 ጀምሮ የቴሌቪዥን ውላቸው ለ11 ዓመት 76 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ዲዝኒ፣ ኤን ቢ ሲ፣ አማዞን። በዓመት ወደ 7 ቢሊዮን ይጠጋል። ከሺህ አንድ እጅ ቢመድቡ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በየዓመቱ ለተመረጡት ልጆች አሠልጣኝ ክለቦች፣ እንደ ኮች ሐሳብ ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ በዓመት በዓመቱ ተከፋፍሎ ይሰጥ። የዮኪች ቢሆን ሶምቦር የልጅነቱን፣ ኖቪ ሳድ የሷን፣ ሜጋ የራሱን ይወስዳል። ልጁን ማንም አያዝዘውም፣ ጋሼ። ገንዘቡም ዝውውር አይጠብቅም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ።

የድሮ ተጫዋች

ይሄኛው ይሻላል። ፌዴሬሽን መሐል እንዳይገባ ብቻ።

ኮች (ሐዋሳ)

ፌዴሬሽን ካልገባ መዝገቡን ማን ያጸድቃል ጋሼ? የግድ ይገባል። ገንዘቡ ግን በቀጥታ ወደ ክለቡ ሒሳብ ይግባ፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይታይ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የተጫዋቾቹ ነው፣ በውላቸው። ማኅበራቸው በቀላሉ አይፈርምም። ደግሞ የሲት ፕሌዛንቱን አሰልጣኝ ረሳችሁት። እሱስ ለምን ይቀራል?

የነታንያዋ

እሱም ይግባ። ማን ይቅር አለ?

ሲልቨር ስፕሪንግ

እንግዲያው 7 ሚሊዮን አይበቃችሁም።

ሌሊት አስር

ይጨመራ!