የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተቃርኖ ዘረዘርኩ፤ ጭብጡ ግን አልመጣልኝም

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአማርኛ መምህራችን በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉትን ተቃርኖዎች አውጥታችሁ ጭብጡን አሳዩ ብለውናል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ ባላባትና ገበሬ፣ ፍቅርና ወግ፣ እብድና ጤነኛ እያልኩ ሞላሁት። ጭብጡ ላይ ስደርስ ግን «ፍቅር ያሸንፋል» ከማለት ሌላ ጠፋኝ። ሁለቱም ፍቅረኞች፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ይሞታሉ እኮ፤ ታዲያ ምኑን አሸነፈ? ማስረከቢያው ዓርብ ነው። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ (አስተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም)
የኔ ልጅ፣ «ምኑን አሸነፈ» ማለትሽ ጥሩ ነው፤ እሱን አትልቀቂው። ዝርዝሩን ለጊዜው ተይውና ሁለት ተቃርኖ የሚጋጭበት አንድ ቦታ ፈልጊ። እኔ ብሆን በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምርበትን እይዝ ነበር። መጽሐፉ ላይ ሲያጎነብሱ እሱ መምህር፣ እሷ ተማሪ ናት። ቀና ሲሉ ደግሞ እሷ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ እሱ የተራ ሰው ልጅ። ማን ከማን ይበልጣል ለሚለው እዚያው ቤት ውስጥ ሁለት መልስ አለ። የትኛው መልስ ጉልበት እንዳለውና ለምን እንደሆነ ስትጽፊ፣ ያኔ ጭብጥ ውስጥ ገባሽ ማለት ነው።

መልስ (የቢቸና ልጅ)
መምህር ያሉት ልክ ነው። ግን የመደብ ነገር ብቻ ካደረግሽው ግማሹ ይቀርብሻል። ስለቱን አትርሺ እህቴ! በዛብህ በልጅነቱ ሲታመም ወላጆቹ ከዳነልን ሳያገባ እግዚአብሔርን ያገልግል ብለው ተሳሉ። እሱን የጠየቀው የለም። የሰብለ አባት ደግሞ ዘር እየቆጠሩ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ገፋ። እሷንም የጠየቃት የለም። አየሽ፣ አንዱ ከገበሬ ቤት፣ አንዷ ከባላባት ቤት ናቸው፤ የሁለቱንም ኑሮ የወሰነው ግን ወላጅ ነው። እኛ ዘንድ፣ በተለይ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ላደገ ሰው፣ ስለት ማፍረስ ቀላል ነገር አይደለም። በዛብህ የሚፈራው ፊታውራሪን ብቻ አይደለም፤ ውስጡም ይፈርድበታል።

መልስ (አንባቢ፣ ባሕር ዳር)
ጉዱ ካሣን «እብድና ጤነኛ» ብለሽ በአንድ መስመር አትለፊው፤ በጣም ያሳዝነኛል። እብድ ያለው ማን ነው? ሰውዬው የፊታውራሪ ዘመድ ነው። ሥርዓቱን የሚነቅፈው ከውስጥ ሆኖ ነው። ድሃ ቢሆን ኖሮ ቀናተኛ ብለው ያልፉት ነበር። የራሳቸው ሰው ስለሆነ ግን እብድ ከማለት ሌላ መውጫ የላቸውም። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. መሆኑንም ጥቀሺ። ባላባቱ ያኔ ገና መሬቱ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ንግግር ማሳተም ድፍረት ይጠይቃል።

መልስ (ጡረተኛ፣ ደጀን)
ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከውን ፈልገሽ ስሚ ልጄ። የፊታውራሪና የካሣ አነጋገር ልዩነት በጆሮ ሲሰማ ቁልጭ ይላል። ጥቅስ ለመምረጥ ይረዳሻል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዲህ ብል ይሆናል? «ሰብለንና በዛብህን የለያያቸው የሀብት ልዩነት ብቻ ሳይሆን፣ ሳይጠየቁ የተወሰነባቸው ውሳኔ ነው። ያንን በግልጽ የሚናገረው ሰው ደግሞ እብድ ይባላል።»

መልስ (አስተማሪዋ፣ ፍኖተ ሰላም)
ጎበዝ! አሁን የሚከራከሩበት ሐሳብ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ይቀርሻል፦ ሰብለ ከቤት ጠፍታ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መሄዷን የት አደረግሽው? ያ የራሷ ውሳኔ ነው፤ ማንም አልወሰነላትም። ሐሳብሽን የሚፈትነው እሱ ስለሆነ አንድ ሙሉ አንቀጽ ስጪው። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ደግመሽ አንብቢና ረቂቁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ላኪልን፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።