ሞላ ቀይሮ መኪና ዝቅ ማድረግ፦ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ልጆች ጥቆማ

ብርዱ ካለፈ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። «ሲቪኬን ዝቅ ላደርጋት ነው፤ የትኛውን ሞላ ልግዛ? ራሴ ልግጠመው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?» መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ትንሽ ብቻ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ግዙ። የተረፈውን ገንዘብ ለሾክና ለአላይመንት (ለጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አውሉት።

ከሞላው እንጀምር። ለሥራ መመላለሻ ለሆነ ሲቪክ ወይም ኮሮላ የመጀመሪያ ምርጫዬ የአይባክ ፕሮ ኪት ነው። አይባክ ከ1951 ጀምሮ ያለ የጀርመን ድርጅት ነው። ፕሮ ኪት እንደ መኪናው ዓይነት ከአንድ ኢንች እስከ አንድ ኢንች ተኩል አካባቢ ያወርዳል። ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ግን ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይንገጫገጭም። ኡበር የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የዚያው ድርጅት ስፖርትላይን የሚባለው ደግሞ በጣም ያወርዳል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ሾፒንግ ሴንተር ገብታችሁ ስታቆሙ የፓርኪንጉ ኮንክሪት የፊት ባምፐሩን ይፍቀዋል። በረዶ ሲጥል ደግሞ ጭራሽ አታነሱትም።

ኤች ኤንድ አርም የጀርመን ነው፣ ጥራቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ትንሽ ጠንከር ይላል። ማሽከርከር ለሚወድና ብቻውን ለሚነዳ ሰው ደስ ይላል። ከጃፓኑ ቴይን ሁለት ዓይነት አለ፤ ኤች ቴክ ለስለስ ያለው ነው፣ ኤስ ቴክ ደግሞ የበለጠ ያወርዳል። ቤተሰብ የምትጭኑ ከሆነ ኤች ቴክን ውሰዱ።

ስሙ የማይታወቅ፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሞላ አልመክርም። ያለውን ሞላ በግራይንደር መቁረጥማ በፍጹም! የሞላው ጫፍ የተሠራው መቀመጫው ላይ ልክ እንዲያርፍ ነው። ሲቆረጥ ያ ቅርጽ ይጠፋል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። አራት መቶ ዘጠና አምስት አውራ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ መኪና አጠገቤ እንዲሄድ አልፈልግም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘልለው ነገር ልምጣ። ሞላ ሲያጥር ሾኩ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚሠራው። የቀረው መንገድ አጭር ስለሆነ ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኘው መጨረሻው ላይ ካለው ማቆሚያ ጎሚኒ ጋር ይጋጫል። ያረጀ ሾክ ላይ አዲስ ሞላ ማድረግ ማለት ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሥራ እንደገና መሥራት ነው። ቢልስታይን ቢ 8 የሚባለው ሾክ ለአጭር ሞላ ተብሎ የተሠራ ነው። ቢጫው ኮኒ ስፖርትም ለዚህ ይሆናል፣ ጥንካሬውንም ማስተካከል ይቻላል። ካያባ ኤክሰል ጂ ጥሩ ሾክ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ ግን የተሠራው ለፋብሪካው ቁመት ስለሆነ ከፕሮ ኪት በላይ ለሚያወርድ ሞላ አትውሰዱት።

ራሳችሁ ለምትገጥሙት ደግሞ፦ የሞላ መጭመቂያ መግዛት አያስፈልግም። የመኪና ዕቃ መደብሩ አውቶዞን መያዣ አስይዞ ያውሳችኋል፤ በ90 ቀን ውስጥ ስትመልሱ ሙሉ ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ። ስትቀበሉት እዚያው ቆማችሁ ጥርሱን እዩ። ዘንጉ ከተበላ ወይም መንጠቆው ከጎበጠ ሌላ ስጡኝ በሉ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥር እንዳትገቡ፤ መኪናውን ደግፎ የሚይዝ ስታንድ የግድ ነው። ያገለገለ ስታንድ ከሰው የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። የመሣሪያ መደብሩ ሃርበር ፍሬት በ2020 ፒትስበርግ የሚል ስም ያላቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ስታንዶች ከገበያ መልሶ ሰብስቧል። ጥርሱ በደንብ ስለማይነክስ ጭኖት ያለውን መኪና በድንገት ሊለቅ ይችል ነበር። የተሸጠው ሁሉ ግን ተመልሷል ብላችሁ አታስቡ። ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታዩ እንዳትገዙ።

የእኛ አካባቢ መኪና በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የበላው ነው። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ብሎኖቹ ላይ ፒቢ ብላስተር የሚባለውን ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ንፉበት። በተለይ የሾኩንና የስታብላይዘሩን ዘንግ የሚያገናኘው ትንሽ ዳዶ ያስቸግራል፤ ካልነፋችሁበት አብሮ ይዞራል።

ፊት ለፊት ያለውን ሾክ ስታወጡ ከላዩ መሃል ያለውን ትልቅ ዳዶ እንዳትነኩ። ሞላውን ይዞት ያለው እሱ ነው። መጀመሪያ መንጠቆዎቹን ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት አድርጋችሁ የቻላችሁትን ያህል ጥምጥም አስይዙ። ከዚያ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ሌላውን ጥቂት ዙር እያፈራረቃችሁ በእጅ አጥብቁ። ኢምፓክት (በኃይል የሚመታ የማጥበቂያ ማሽን) አትጠቀሙ። ሞላው መቀመጫው ላይ ላላ ብሎ በእጅ መዞር ሲጀምር ነው የመሃሉ ዳዶ የሚፈታው። ያን ጊዜም ፊታችሁን ከላዩ አዙሩ። አዲሱን ስታስገቡ የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ያለችውን እርከን መንካቱን በጣታችሁ አረጋግጡ። ጎሚኒ ያለባቸውን ብሎኖች የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ አድርጉት። በአየር ላይ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ይሄ ክፍል ካስፈራችሁ መፍራታችሁ ልክ ነው። ለብዙ ሰው የምመክረው መሃለኛውን መንገድ ነው። ሾኩን ከነሞላው ቤታችሁ አውጡና ወደ ጋራዥ ውሰዱት፤ እነሱ ሞላውን ብቻ ይቀይሩላችሁ፣ መልሳችሁ ራሳችሁ ግጠሙት። የጉልበት ዋጋው በጣም ይቀንሳል፣ አደገኛው ሥራ ደግሞ በትክክለኛ ዕቃ ይሠራል። ኮሎምቢያ ፓይክ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉ የሐበሻ ጋራዦች ቶዮታና ሆንዳ እጃቸው ላይ ነው። ብቻ ስትደውሉ «ግድግዳ ላይ የተተከለ የሞላ መጭመቂያ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ያመጣኸውን ዕቃ አንገጥምም» የሚል ጋራዥም አለ፤ ሳትሄዱ አረጋግጡ።

አላይመንት ግን ቤት ውስጥ አይሠራም። ሞላው ጥቂት ቀን ተነድቶ ቦታውን ከያዘ በኋላ ውሰዱት። ጎማ በፍጥነት የሚበላው የጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር ነው። ብዙ ሰው የሚያየው ዘመም ማለቱን ነው፣ እሱ እንኳን ይሻላል። የጎማና የጥገና ድርጅቱ ፋየርስቶን የዕድሜ ልክ አላይመንት ይሸጣል። ገና ነገር የምትቀያይሩ ከሆነ ያዋጣችኋል፤ ግን ዝቅ ያለ መኪና እንደሚቀበሉ ቅርንጫፉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የትም ብታሠሩ የበፊቱንና የኋላውን ቁጥር የሚያሳየውን ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን (የደህንነት ምርመራ) ስላለባችሁ የመብራቱንም አቅጣጫ አብራችሁ አስተካክሉ። የፊቱና የኋላው እኩል ካልወረደ መብራቱ ይዛባል፣ እነሱም ያዩታል። ሜሪላንድ የሚጠየቀው ያገለገለ መኪና ስም ሲዛወር ነው። ዲሲ ለግል መኪና የደህንነት ምርመራውን በ2009 አቁሟል፤ የቀረው የጭስ ምርመራ ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ ለወንድሙ ቪትዝ ይሄን ሞላ አዲስ አበባ መላክ ፈልጎ ጠይቆኛል። አትላክ ወንድሜ። በእነዚያ ጉብታዎችና ጉድጓዶች ላይ ሆዷን ነው የምትጎትተው፤ እዚያ ሰው የሚፈልገው ከፍ ማድረግ ነው። መላክ ካለብህ ለፋብሪካው ቁመት የተሠራ የካያባ ሾክ ላክለት። ሞላውን እሱ ሶማሌ ተራ ያገኘዋል።