«ምንም አትጠይቅም» የተባለችው ኤሊ

የሆጤ ልጅ፦ ጀመዓው፣ ትናንት እዚህ የደሴ ግሩፓችን ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አያችሁ? «መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ኤሊ። ለኮንዶሚኒየም ምርጥ ናት። አትጮህም፣ አታቆሽሽም፣ ምንም አትጠይቅም» ይላል። ከሥሩ «ለልጄ አንድ ያዝልኝ» የሚል መዓት ነው። እኔን ያናደደኝ ይሄ «ምንም አትጠይቅም» የሚለው ነው። ነፍስ ያለው ነገር እንዴት ነው ምንም የማይጠይቀው?

የቶሳ ሥር፦ ወንድሜ ማስታወቂያ ነው እኮ። ነጋዴ «ታስቸግራለች» ብሎ እንዲሸጥ ነው የምትፈልገው?

የሆጤ ልጅ፦ አዎ። እውነቱን ተናግሮ ይሽጥ።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ ምኑ ያናድዳል? ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ምን ያምጣ? ውሻ ከጎረቤት ያጣላል። እኛ ቤት ደግሞ ውሻ ወደ ውስጥ አይገባም፣ የሚሰገድበት ምንጣፍ አለ። ድመት ትንሹን ልጄን ታስለዋለች። እኔ ልጆቹ ዓይናቸውን ከስልክ ላይ የሚያነሱበት ነገር ነው የፈለግኩት። ቅጠል ትበላለች፣ ጥግ ይዛ ትተኛለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ቆላ ያደገ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። ግን ለጥያቄሽ መልስ አለው። ሙቀት ትፈልጋለች። ያ እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነው የአገራችን ኤሊ የቆላ እንስሳ ነው። እንደ አውሮፓ ኤሊዎች ብርዱን ተኝቶ አያሳልፍም። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እኛ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፤ እሷ የምትሞቀው ከውጭ በምታገኘው ሙቀት ብቻ ነው። ሲበርዳት መብላት ታቆማለች፣ የበላችውም አይፈጭላትም። ከዚያ አፍንጫዋ ይዝረከረካል፣ ሳንባዋ ይታመማል። አትጮህም የተባለው እውነት ነው። ስለማትጮህ ግን መታመሟን ማንም አያውቅላትም፣ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ መስኮት ሥር አስቀምጣታለሁ። ሳሎናችን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል።

ቆላ ያደገ፦ መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ለአጥንትና ለቅርፊት የሚጠቅመውን ጨረር ያስቀረዋል። ያንን ጨረር ካላገኘች ቫይታሚን ዲ አይኖራትም፣ የበላችው ካልሲየምም አይጠቅማትም። ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ውጭ ሣር ላይ የማትውል ከሆነ ለዚሁ የተሠራ አምፖል ያስፈልጋታል። እሱን ደሴ ውስጥ ፈልጋችሁ አግኙ እስቲ። መብራት እንዳይጠፋም ዱዓ አድርጉ።

የኮምቦልቻ ቤት፦ ይሄ የደሴ ችግር ነው። እኛ ጋ ሞቃት ነው፣ ግቢ አለ፣ ሣር አለ፣ አጥሩ በለስ ነው። ኤሊ ደግሞ የበለስ ቅጠል ትወዳለች። ለምን በሁላችንም ላይ ትፈርዳላችሁ?

የቶሳ ሥር፦ ጀመረ ኮምቦልቻ! ፋብሪካውንም አውሮፕላን ማረፊያውንም ወሰዳችሁ፣ አሁን ኤሊዋም ቀረቻችሁ?

የኮምቦልቻ ቤት፦ አየሩን እኛ አልሠራነውም። ከእናንተ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ነው ያለነው፣ ሂድና ለቶሳ ተራራ ንገረው።

የሆጤ ልጅ፦ ከወሬው አትውጡ በናታችሁ። ማስታወቂያው «ለኮንዶሚኒየም» ነው የሚለው፣ ለበለስ አጥር አይደለም።

ከብት ሐኪም ነኝ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ በሆዷ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። እሷን ምንም አያደርጋትም፣ ሕፃን ልጅን ግን በተቅማጥና በትኩሳት ይጥላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ትንንሾቹን ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበር። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት ኤሊ ባትገባ እመክራለሁ። የምትይዙም እጅ በሳሙና መታጠብ አትርሱ፣ ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ ደግሞ ፈጽሞ አታጥቧት። እንጀራና ዳቦ አትስጧት። ምግቧ ሣር፣ ድርቆሽና የዱር ቅጠል ነው።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ የእኔ ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። ይሄንን ሻጩ ለምን አይናገርም?

የሆጤ ልጅ፦ «ምንም አትጠይቅም» ብሎ ጨርሶታላ!

የቶሳ ሥር፦ አንተ ደግሞ እቺን ቃል ያዝክ አትለቅም።

የሆጤ ልጅ፦ አልለቅም። ሰው የሚታለለው በእሷ ነው። «መዳፍ ላይ የምትቀመጥ» የሚለውም ያው ነው። ትንሽ የሆነችው ጫጩት ስለሆነች ነው። ይሄ የእኛ ዝርያ ሲያድግ 15 እና 20 ኪሎ ሊገባ ይችላል። 50 ዓመት በቀላሉ ይኖራል፣ ከዚያም ያልፋል። በእውነት ትንሽ ሆነው ከሚቀሩት መካከል የሰሜን አፍሪካና የሜዲትራንያን ዳር ዝርያዎች አሉ፣ እነሱ ግን እዚህ የሉም። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማን ይይዛታል? ትዳር ሲይዝስ ይዟት ይሄዳል?

የሐይቅ ዳር፦ የት እንደሚወስዷት እኔ ልንገርህ። ሲሰለቻቸው ወደ እኛ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ ይጥሏታል። ውለታ የዋሉላት ይመስላቸዋል። የየብስ ኤሊ ለዋና አልተፈጠረችም፣ ትሰምጣለች። እባካችሁ ይሄንን ለዘመድ ለጎረቤት ንገሩ። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚያስቀምጧትም እንደዚሁ ነው የሚገድሏት።

የኮምቦልቻ ቤት፦ እሺ፣ ጥንቃቄ ይደረግ። ግን ተንከባክቦ ለሚይዝ ሰው መከልከል ልክ አይደለም።

አዋጅ አንባቢ፦ ወንድሜ፣ የከለከለህ እዚህ ያለ ሰው አይደለም። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ያስጠይቃል። ፈቃዱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሳይተስ ስምምነት አባል ናት፣ ይሄ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ላይ የሚደረገውን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ነው፣ የየብስ ኤሊዎች በሙሉ በዚያ ቁጥጥር ውስጥ ናቸው። ሻጩን «ከየት አመጣሃት? ፈቃድህን አሳየኝ» በሉት፣ ምን እንደሚል እንይ።

የቶሳ ሥር፦ አሁን ለአንዲት ኤሊ አዋጅ ይጠቀሳል? ሕዝቡ ስንት ችግር አለበት!

አዋጅ አንባቢ፦ የሰው ችግር ስላለ እንስሳው ይለቅ ነው የምትለኝ? ከጫካ የሚለቀመው እኮ አንድ ብቻ አይደለም። ገዢ በበዛ ቁጥር ለቃሚው ይበዛል። ኤሊ ደግሞ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅባታል፣ ያለቀው ቶሎ አይተካም።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ አቦ እናንተም ተረጋጉ። እኔ ሻጩን በውስጥ መስመር ስለ ፈቃዱ ጠይቄው አንብቦ ዝም ብሏል።

የሆጤ ልጅ፦ ዝምታውን እዚህ ለጥፊው እህቴ፣ «አንድ ያዝልኝ» ያሉት ሁሉ ይዩት።

የኮምቦልቻ ቤት፦ እኔ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ፈቃድ ያለው ሰው ካገኘሁ ግቢዬ ይበቃታል።

ቆላ ያደገ፦ የጎረቤት ውሻ ወደ ግቢህ ይገባል? ውሻ ቅርፊቷን እንደ አጥንት ነው የሚያኝከው።

የኮምቦልቻ ቤት፦ አጥሩ በለስ ነው አልኩ እኮ።

ቆላ ያደገ፦ በለስ ሥር ውሻ ሾልኮ አያውቅም?